ሳል ነው ብለን የከረምንበት የልብ በር

ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘጠኝ ዓመት አስተምሬያለሁ፣ በየዓመቱ ልብን ሰሌዳ ላይ እስላለሁ፣ ግራውን በቀይ ቾክ ቀኙን በሰማያዊ፣ ቀስት እየጨመርኩ፣ ደሙ በዚህ ገባ፣ በዚህ ወጣ፣ ሳንባ ደረሰ፣ ተመለሰ፣ ገባችሁ? አዎ ቲቸር። አለቀ። ታዲያ ያቺው ቀስት ስትስል የኖረች ሴትዮ፣ የገዛ ታናሽ እህቷ የልብ በር ጠቦ ደሙ ወደኋላ ሲጠራቀም ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቧ ቁጭ ብላ መጀመሪያ "አስም ነው"፣ ኋላ ደሞ "ሳል ነው፣ ዝንጅብል በማር ጠጪበት" ስትል ከረመች። ይሄን ጉዳይ ከስር ከመሰረቱ ልጽፈው የፈለግኩት ለዛ ነው። እህቴን ቤት ውስጥ ሚጣ ነው የምንላት፣ እዚህም ሚጣ ትሁን። ጻፊው ብላኛለች፣ "ፎቶዬን ብቻ እንዳትለጥፊ፣ ያኔ ፊቴ አብጦ ነበር"።

ነገሩ መጀመሪያ የታየው ደረጃ ላይ ነው። ሚጣና ባሏ የሚኖሩት ግንፍሌ አካባቢ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለም፣ ደረጃው 64 ነው (በኋላ ቆጥሬዋለሁ)። 2015 ላይ ሁለተኛው ፎቅ ስትደርስ ቆም ማለት ጀመረች። ስልኳን አውጥታ የምታይ ትመስላለች፣ ስልክ አልነበረም የምታየው፣ ትንፋሽ ነበር የምትሰበስበው። ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፣ ቀጭን ናት፣ ማን ይጠረጥራል? "ወፈርሽ እንዴ" ብዬ ቀልጄባት አውቃለሁ፣ ሳስበው አሁንም ያሳፍረኛል። አንድ ክሊኒክ ሄዳ አስም ነው ተባለች፣ የሚነፋ ሳልቡታሞል ተሰጣት። ስትነፋው ልቧ እንደ ከበሮ እንደሚመታባትና እንደውም እንደሚብስባት ነግራኝ ነበር፣ እኔም የአስም መድኃኒት ልብ ያስመታል ብዬ አለፍኩት። ልክ ነው ያስመታል፣ ግን ለሷ ያ መምታት ምን ማለት እንደሆነ ወደታች እመጣበታለሁ።

ከዛ 2017 ገባ፣ ሚጣ አረገዘች። የመጀመሪያዋ ነው፣ ቤቱ በደስታ ነው ያለው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ አራት ወር አልፏት፣ ሳል ጀመራት። ደረቅ፣ ማታ ማታ የሚብስ። ኅዳር 12 ደረሰና ከተማው ሁሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ ሲያጥን (የአዲስ አበባ ሰው ይሄን መንገር አያስፈልገውም፣ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጊዜ የተጀመረ ነው ይባላል) ግንፍሌም በጭስ ታፈነች፣ ሳሏም ባሰ፣ እኛም ምክንያት አገኘን፣ "የኅዳር ጭስ ነው"። ጎረቤቷ እትዬ ደሞ "እርጉዝ ሴት ሁሉ ትንፋሽ ያጥራታል ልጄ፣ ሕጻኑ ወደላይ ገፍቶ ነው" አሏት። ይሄም ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፣ ለዛ ነው አደገኛ የሆነው። ጤነኛ እርጉዝም ትንፋሽ ታጥራታለች፣ እግሯ ያብጣል፣ ልቧ ይመታል። የበሽታው ምልክትና የእርግዝናው ወግ አንድ ልብስ ለብሰው ነው የሚመጡት።

የኅዳር ጽዮን ዋዜማ ሌሊት ባሏ ደወለልኝ፣ ሰባት ሰዓት አካባቢ ነው። "እታለም፣ መተኛት አልቻለችም፣ መስኮት ከፍታ ቁጭ ብላለች፣ ነይ።" ስደርስ አልጋው ላይ ሦስት ትራስ ተደርድሯል፣ ሚጣ ግን አልጋው ላይ የለችም፣ በረንዳው አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣ በሁለት እጇ ጉልበቷን ተደግፋ አፏን ከፍታ ነው የምትተነፍሰው። ከንፈሯ ጠቁሯል። ከደረቷ የሚወጣው ድምፅ ድስት ሊገነፍል ሲል የሚያሰማው ዓይነት ነው፣ ፍልቅ ፍልቅ። ሶፍት አቀበለችኝ፣ ሶፍቱ ላይ ያለው አክታ ሮዝ ነው። ቀይ አይደለም፣ ሮዝ፣ አረፋ ያለው፣ እንጆሪ ጁስ ላይ እንደሚቀረው አረፋ። ባሏ ሚኒባስ ነጂ ነው፣ መኪናው ስር ታች ቆሟል፣ እነዛን 64 ደረጃዎች በነጠላ ደግፈን እያወረድን በየፎቁ አሳርፈን ወደ ሆስፒታል በረርን።

ድንገተኛ ክፍል ገብተን መጀመሪያ የተጠረጠረው ቲቢ ነው። ደም ያለው አክታ፣ ሳል፣ ክሳት፣ በሀገራችን ማንም ሐኪም መጀመሪያ ቲቢ ማሰቡ አያስገርምም፣ ማስክ አደረጉላትና አክታዋን ጂን ኤክስፐርት ለሚባለው የቲቢ ምርመራ ላኩት (ነጌቲቭ ነው የመጣው)። የደሟ ኦክስጅን ሙሌት 84 በመቶ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ ጤነኛ ሰውም 93 ወይ 95 ሊያሳይ ይችላል፣ 84 ግን በየትኛውም ከፍታ መጥፎ ነው። የልብ ምቷ በደቂቃ 118። ኦክስጅን ተሰካላት፣ ላዚክስ በደም ስር ተሰጣት፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሽንቷ መምጣት ሲጀምር አተነፋፈሷ ትንሽ ረገብ አለ። ላዚክስ ውሃ በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት ነው። የሳንባ በሽታ ያለባትን ሴት ሽንት ማሸናት ለምን ያሻላታል? ይሄን ጥያቄ እዛው ኮሪደር ላይ ቆሜ ራሴን ጠየቅኩት፣ መልሱ ሰሌዳዬ ላይ ዘጠኝ ዓመት ተሰቅሎ የነበረ ነገር ነው፣ አልመጣልኝም።

ጠዋት ላይ አንዲት ወጣት ዶክተር መጣች፣ የውስጥ ደዌ ሬዚደንት ናት። ሚጣን በግራ ጎኗ እንድትተኛ አድርጋ ማዳመጫውን ከግራ ጡቷ ስር አስቀመጠችና ዓይኗን ጨፍና ዝም አለች። ረጅም ዝምታ። ማዳመጫ የሚባለው ነገር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1816 ላኔክ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ወረቀት ጠቅልሎ የበሽተኛዋ ደረት ላይ ጆሮውን ከማስጠጋት የጀመረ ነው፣ ከዛ ወዲህ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል፣ አሁንም ግን ክፍሉ ውስጥ ካለው ማሽን ሁሉ ቀድሞ እውነቱን የተናገረው እሱ ነው። ዶክተሯ አስተማሪ መሆኔን ሰምታ ነበርና "ይስሙት" ብላ ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። ጤነኛ ልብ ሁለት ድምፅ ነው ያለው፣ ሁለቱም የበር መዘጋት ድምፅ ነው፣ በመሀላቸው ፀጥታ ነው። የሚጣ ግን አንደኛው ድምፅ እንደተወረወረ በር ጯ ይላል፣ ከሁለተኛው በኋላ ደሞ ፀጥታ መሆን ሲገባው ሩቅ ያለ ወፍጮ ቤት የሚመስል ማጉረምረም አለ። "ደሙ በጠባብ በር ሲያልፍ ነው እንደዛ የሚለው" አለችኝ።

ኤኮ ተነሳች። ኤኮ ማለት እርግዝና የሚታይበት አልትራሳውንድ ነው፣ ልብ ላይ ሲደረግ ነው ስሙ የሚቀየረው። ስክሪኑ ላይ በግራ በኩል ባሉት ሁለት የልብ ክፍሎች መሀል ያለው በር፣ ማይትራል ቫልቭ፣ እንደ መጋረጃ ወለል ብሎ መከፈት ሲገባው ጫፍና ጫፉ ተጣብቆ መሀሉ ላይ ብቻ እንደ ዓሣ አፍ ብቅ ይላል። የጤነኛ ሰው ሲከፈት ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፣ 1.5 እና ከዛ በታች ሲሆን ከባድ ይባላል። የሚጣ 0.9። ትንሿ ጣት በግድ የምታልፍበት ማለት ነው። ሩማቲክ የልብ ሕመም፣ ከባድ የማይትራል መጥበብ።

አሁን ያንን ቀስት እንደገና ልሳል፣ በዚህ ጊዜ በሌላ መንገድ። ልብ አንድ ፓምፕ አይደለም፣ ሁለት ፓምፕ ነው፣ ጎን ለጎን የተጣበቁ። ቀኙ ከመላ ሰውነት የመጣውን ደም ተቀብሎ ወደ ሳንባ ይገፋል፣ ግራው ከሳንባ የመጣውን ተቀብሎ ወደ መላ ሰውነት ይገፋል። እያንዳንዱ ምት 70 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው፣ ከቡና ስኒ ብዙ አይበልጥም፣ በደቂቃ 70 ጊዜ ሲመታ ግን 5 ሊትር ይሆናል፣ ሰውነታችን ውስጥ ያለው ደም በጠቅላላ ደሞ ያው 5 ሊትር ገደማ ነው፣ ስለዚህ ያለን ደም ሁሉ በደቂቃ አንዴ ይዞራል ማለት ነው። በቀን ሲሰላ ወደ 7,000 ሊትር። ውሃ በፈረቃ ለሚደርሰው ለኛ ሰፈር ሰው በጀሪካን ልንገረው፣ ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን 350 ጊዜ ተሞልቶ ተገልብጦ ነው። ይሄን የሚሠራው ጡጫ የሚያክል ሥጋ ነው። ሃርቪ የሚባለው እንግሊዛዊ ሐኪምም እ.ኤ.አ. በ1628 ደም ይዞራል ብሎ ሲያሳምን ዋናው ማስረጃው ይሄ ስሌት ነበር፣ ልብ በግማሽ ሰዓት የሚገፋው ደም ሰውየው ካለው ደም በላይ ከሆነ፣ ያው ደም ተመልሶ እየመጣ ነው እንጂ ከየት ይመጣል?

በአማርኛ ደም ቅዳና ደም መልስ የምንላቸው ስሞች እንዴት ጥሩ ስሞች መሰሏችሁ። ደም ቅዳ ከልብ ይዞ የሚወጣው፣ ደም መልስ ወደ ልብ የሚመልሰው። የሚነግሩህ አቅጣጫውን ነው፣ ቀለሙን አይደለም። ተማሪ ፈተና ላይ የሚወድቀው "ደም ቅዳ ኦክስጅን ያለው ደም ነው የሚይዘው" ሲል ነው፣ ከቀኝ ልብ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ቅዳ ኦክስጅን ያነሰው ደም ነው የሚይዘው። የኔ ቀይና ሰማያዊ ቾክ ለዚህ ስህተት የራሱ አስተዋፅኦ ሳይኖረው አይቀርም።

እና ዋናው ነገር ምንድነው፣ ሁለቱ ፓምፖች እኩል መግፋት አለባቸው። በትክክል እኩል። ቀኙ በየምቱ ከግራው 1 ሚሊ ሊትር ብቻ አስበልጦ ቢገፋ፣ ልቡ በደቂቃ 100 ጊዜ ቢመታ፣ በአስር ደቂቃ ውስጥ 1 ሊትር ደም ትርፍ ሳንባ ውስጥ ተጠራቅሟል። ጤነኛ ልብ ይሄን በራሱ ያስተካክላል፣ የበለጠ ደም ከመጣለት የበለጠ ይገፋል። የሚጣ ግራ ፓምፕ ግን በሽታ የለበትም፣ ጡንቻው ጎበዝ ነው፣ ችግሩ ደም አይደርሰውም፣ በሩ ላይ ነው የቀረው። በሩ ላይ የቀረው ደም የላይኛውን ክፍል ይለጥጠዋል (የሷ 5.2 ሴንቲሜትር ደርሶ ነበር፣ ከ4 ማለፍ አልነበረበትም)፣ ከዛ ወደኋላ ከሳንባ የሚመጡትን ደም መልሶች ይሞላል፣ ከዛ የሳንባን ቀጫጭን የደም ስሮች ይሞላል፣ እነሱ ውስጥ ግፊቱ ከ25 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲያልፍ ግድግዳቸው ስስ ነውና ውሃው ወደ አየር ከረጢቶቹ መንጠብ ይጀምራል። ያ ነው ሳሉ። ያ ነው ሮዝ አረፋው። ላዚክስ ያሻላትም ለዚሁ ነው፣ ሳንባዋን አክሞ ሳይሆን ከኋላ የተጠራቀመውን ውሃ ቀንሶ። ማታ የሚብሰውም ሰው ሲተኛ እግሩ ላይ የነበረው ደም፣ ግማሽ ሊትር ገደማ፣ ወደ ደረት ስለሚመለስ ነው፣ ሦስቱ ትራስ ሐኪም ያዘዘው ይመስል ሚጣ ራሷ የፈለሰፈችው ሕክምና ነበር። ትንሽ ብንቆይ ደሞ ወደኋላ መሄዱ ሳንባ ላይ አያበቃም፣ ቀኝ ልብ፣ ጉበት፣ እግር እያለ ይቀጥላል። ያኔ እግሯና ፊቷ አብጦ የነበረው የዚህ ጅማሬ ሳይሆን አይቀርም።

እኔ ቀስቱን ሁልጊዜ ወደፊት ነው የማስተምረው። በሩ ቢጠብ ከኋላው ምን ይሆናል ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ አንድም ጊዜ አልነበረም፣ እኔም ጠይቄያቸው አላውቅም።

ባሏ ግን ከኔ ቀድሞ ገባው። ዶክተሯ የልብ ምት የሚያቀዘቅዝ መድኃኒት፣ ሜቶፕሮሎል፣ ስታዝ እሱ ተቆጣ፣ "ልቧ ደክሟል እያላችሁ ጭራሽ ልታዘገዩት?" አለ። እሷም ፈገግ ብላ "ሥራዎ ምንድነው?" አለችው። "ታክሲ፣ ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ።" "እሺ፣ የመኪናዎ በር ተበላሽቶ ከግማሽ በላይ አልከፈትም አለ እንበል፣ ሰው አንድ በአንድ በጎኑ እየተሹለከለከ ነው የሚገባው። ሰልፉ ረዝሟል። ትራፊክ ደሞ ቶሎ ውጣ ቶሎ ውጣ ይሎታል። ምን ይሆናል?" ትንሽ አሰበና "አራት ሰው ጭኜ እወጣለኋ፣ ሰልፉ ወደኋላ ይረዝማል፣ ብመላለስም ባዶዬን ነው የምመላለሰው" አለ። "በቃ ያ ነው" አለችው። እውነትም ያ ነው። ልብ የሚሞላው ሲያርፍ ነው፣ ሲጨመቅ አይደለም። በደቂቃ 75 ሲመታ በእያንዳንዱ ምት ግማሽ ሰከንድ ያህል የመሙያ ጊዜ አለው፣ 120 ሲደርስ ግን የሚያጥረው የመጨመቂያው ሳይሆን በዋናነት የመሙያው ጊዜ ነው፣ ከነበረው ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። በሩ ሰፊ ለሆነ ሰው ችግር የለውም፣ ወለል ብሎ ይገባል። በሩ 0.9 ለሆነ ሰው ግን ያቺ ጊዜ ሕይወት ናት። ያ ሁለት ዓመት ሙሉ የነፋችው ሳልቡታሞል ታዲያ ሳንባዋን ሊከፍት ታስቦ ልቧን እያስቸኮለ ሰልፉን ሲያረዝም ነበር የኖረው። ክሊኒኩን ሄጄ ልሳደብ ነበር፣ ሚጣ ናት "ተይው፣ ደረቴን በልብስ ላይ ነው ያዳመጡት፣ እኔም አውልቄ አላሳየሁም" ያለችኝ።

ከየት መጣ? እማዬ ሆስፒታሉ ወንበር ላይ ተቀምጣ ዶክተሯ "ልጅ እያለች መገጣጠሚያዋ አብጦ ያውቃል ወይ እናቴ?" ስትላት ወዲያው አላስታወሰችም፣ ቆይታ ነው "የሚሊኒየሙ ዓመት!" ብላ የተነሳችው። 2000 ዓ.ም.፣ ሚጣ አስር ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ጉሮሮዋን አመማት፣ ትኩሳት ነበራት፣ ዳማከሴ ተጨምቆላት በሦስት ቀን ተነሳች። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ጉልበቷ አበጠ፣ መንካት አይቻልም፣ ወጌሻ ተጠራ። ወጌሻው ጉልበቷን በቅቤ አሽቶ ሲሄድ በሦስተኛው ቀን ጉልበቷ ዳነና ቁርጭምጭሚቷ አበጠ፣ እሱን አሽቶ ሄደ፣ ክርኗ አበጠ። ከአንድ ወር በኋላ ሁሉም በራሱ ጠፋ፣ ወጌሻው ተመረቀ፣ ብርና አንድ ዶሮ ተሰጠው። ያ ከመገጣጠሚያ መገጣጠሚያ መዝለል የሩማቲክ ትኩሳት ፊርማው ነው፣ ማንም ባያሸው በራሱ ይሄዳል። ጉሮሮ ላይ የምትገባው ስትሬፕቶኮከስ የምትባል ባክቴሪያ ናት፣ ሰውነት እሷን ለመዋጋት የሚያመርተው መከላከያ የልብ በሮችንም እሷ ናት ብሎ ይሳሳታል፣ ይቧጥጣቸዋል፣ ከዛ ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይሆናል፣ ጠባሳው በዓመታት ውስጥ ይደነድናል፣ ጫፎቹን ያጣብቃል። መገጣጠሚያው በወር ዳነ፣ በሩ አስራ ሰባት ዓመት ወሰደበት። ያኔ ጉሮሮዋ በፔኒሲሊን ታክሞ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይሄን ሁሉ ባልጻፍኩ። እማዬ ይሄን ስትሰማ አለቀሰች፣ እኔ ደሞ ያኔ አስራ አራት ዓመቴ ነበር፣ ወጌሻውን ሮጬ የጠራሁት እኔ ነኝ።

ለምን በእርግዝና ጊዜ ፈነዳ ለሚለው፣ እርግዝና የሚዞረውን ደም መጠን ከ30 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል፣ ልብም በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ምት ይጨምራል። ተጨማሪ ተሳፋሪና አጭር ፌርማታ፣ በተመሳሳይ ግማሽ በር። በ22ኛው ሳምንት ላይ ነበረች፣ ከፍተኛው ጭነት ገና ወደ 30ዎቹ ነው የሚመጣው።

መድኃኒቱና እረፍቱ (ጨውም ተከለከለች፣ ጾም ነበርና ሽሮው አልጫ ሆነ) ለሦስት ሳምንት ያዛት፣ ግን ዶክተሮቹ እስከ መውለጃዋ እንደማያደርሳት ተስማሙ። አማራጩ በሩን መክፈት ነው። ድሮ ቢሆን ይሄ ውጭ ሀገር ካልሆነ የማይታሰብ ነበር። ዶ/ር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕጻናት መርጃውን ሲመሠርቱ ሕጻናት እየተመረጡ በአውሮፕላን ነበር የሚላኩት፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው የልብ ማዕከል የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። አሁንም ወረፋው ረጅም ነው፣ የኔ እህት ቶሎ ተራ የደረሳት በሆዷ ባለው ምክንያት ነው፣ እዛው ኮሪደር ላይ ደብተር ይዘው ስማቸው እስኪጠራ የሚጠብቁ ልጆች አይቻለሁ፣ ስለነሱ ሌላ ቀን።

ሥራው የተሠራው ታኅሣሥ ገብርኤል ሁለት ቀን ሲቀረው ነው፣ በ26ኛው ሳምንት። ደረት አይከፈትም። በብሽሽቷ ደም መልስ በኩል ቀጭን ቱቦ ገብቶ ወደ ላይ ቀኝ ልብ ይደርሳል፣ ጫፉ ላይ ፊኛ አለ፣ ኢኖዌ የሚባል ጃፓናዊ ሐኪም ያመጣው ዘዴ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ነው ለዓለም ያስተዋወቀው። ችግሩ ግን ቱቦው ያለው ቀኝ በኩል ነው፣ የታመመው በር ግራ በኩል። ግድግዳውን በመርፌ በስተው ነው የሚሻገሩት። የት ላይ እንደሚበሱት ስሰማ ነው እንደ ባዮሎጂ አስተማሪ ቆሜ የቀረሁት።

ሁላችንም እናታችን ማህፀን ውስጥ እያለን እዛ ግድግዳ ላይ በር ነበረን። ጽንስ ሳንባው አይሠራም፣ ኦክስጅን የሚያገኘው በእትብቱ ከእንግዴ ልጁ ነው፣ ስለዚህ ደሙ ሳንባ ድረስ የሚዞርበት ጉዳይ የለውም፣ ከቀኝ ወደ ግራ በዛች በር አቋርጦ ያልፋል። ተወልዶ የመጀመሪያዋን ለቅሶ ሲያለቅስ ሳንባው ይከፈታል፣ ከሳንባ የሚመለሰው ደም ግራውን ይሞላል፣ ግፊቱ ያቺን በር ገፍቶ ይዘጋታል። ከዛ በኋላ ጠባሳዋ ስስ ጎድጓዳ ሆኖ ዕድሜ ልክ ይኖራል፣ ከአራት ሰው አንዱ ላይ እንደውም ሙሉ በሙሉ አይጣበቅም። የዶክተሩ መርፌ የሚፈልገው ያቺን ስስ ቦታ ነው። ስለዚህ ያን ቀን ሚጣ ጠረጴዛው ላይ ተኝታ የሷ የድሮ በር እየተበሳ ሳለ፣ የራጅ ጨረር ከሚከልለው የእርሳስ ብረት መከላከያ ስር ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ የሱ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ደም እያሳለፈ ነበር። ይሄን ለማንም ሳልናገር ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ስስቅ ባሏ ያበድኩ መስሎት ውሃ ገዝቶልኝ መጣ።

ነቅታ ነው የተሠራላት፣ ብሽሽቷ ብቻ ደንዝዞ። ፊኛው በሩ መሀል ገብቶ ሲነፋ ለጥቂት ሰከንድ በሩ ሙሉ በሙሉ ይደፈናል፣ "መብራት የጠፋ መሰለኝ፣ ጀነሬተር እስኪነሳ ዓይነት" ብላኛለች። ፊኛው ረገብ ሲል የተጣበቁት ጫፎች ተላቀዋል። የላይኛው ክፍል ግፊት 28 የነበረው እዛው ጠረጴዛው ላይ ወደ 13 ወረደ። የበሩ ስፋት 1.8 ሆነ። አዲስ በር አይደለም፣ ጠባሳው እዛው ነው፣ ሲዘጋም ትንሽ ደም ወደኋላ ማፍሰስ አምጥቷል። ግን በዛ ሌሊት ጠፍጣፋ ተኝታ በአንድ ትራስ አደረች። ነርሷ ሁለት ጊዜ ቀሰቀሰቻት፣ ሞታ እንዳይሆን ብላ።

መጋቢት 11 ቀን ወለደች፣ ወንድ፣ 2.8 ኪሎ። እኔ አደጋው ምጡ ነው ብዬ ነበር፣ ዶክተሮቹ ግን ከምጡ ይልቅ የሚፈሩት ከወለደች በኋላ ያለውን ሰዓት ነው። ማህፀን ሲኮማተር በውስጡ የነበረውን ደም፣ ግማሽ ሊትር ገደማ፣ ባንዴ ወደ ልብ ይመልሳል። እንኳን ማርያም ማረችሽ ተብሎ እልል ሲባል፣ ገንፎው ሲገነፋ፣ ያኔ ነው ሳንባ በውሃ የሚሞላው። ስለዚህ ሦስት ቀን ተይዛ ኦክስጅኗ እየታየ ላዚክስ እየተሰጣት ቆየች፣ እማዬ አጥሚቱን በፔርሙዝ ይዛ ብትመጣም "ፈሳሽ በልክ ነው እናቴ" ተብላ ግማሹን እኔ ጠጣሁት።

አሁን የሚቀረው መርፌው ነው። በየ28 ቀኑ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን፣ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት፣ ቂጥ ላይ፣ ሌላ የጉሮሮ ኢንፌክሽን መጥቶ ያንኑ በር እንደገና እንዳይቧጥጠው። ቢያንስ እስከ 40 ዓመቷ ተብላለች፣ ሃያ ሰባት ናት። ያማል፣ በጣም፣ ወፍራም ነው፣ ሁለት ቀን ያስነክሳታል፣ አንዳንዴ ፋርማሲው "አልቋል" ይልና ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ እንዞራለን። 28 ቀን ደሞ ወር አይደለም፣ በየወሩ ሁለት ቀን እያፈገፈገ ይመጣል፣ ለመርሳት የተሠራ ይመስላል። ሁለተኛው ላይ አራት ቀን አሳልፈን ዶክተሯ ገሰጸችን። ባሏ ታዲያ ሚኒባሱ ውስጥ ከሹፌሩ ፊት ያለችውን የፀሐይ መከላከያ ገልብጦ በማርከር የዓመቱን ቀኖች በሙሉ ጻፋቸው፣ አስራ ሦስት ቀን፣ አንድ በአንድ እየሰረዘ ነው የሚሄደው። ትናንት ከአራት ኪሎ አብሬው ስሄድ አየኋት፣ ቀጣዩ ሐሙስ ነው፣ ሐሙስን ደሞ በሁለት መስመር ከቧታል።